ሥራው መቼ ይሠራ? የሰርቨር ላይ የገጽ አብነቶች የፍጥነት ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የትምህርት ክፍሉ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት አጭር ጊዜ ነው። አንድ ሰው ገጽ እንዲከፈትለት ከጠየቀበት ቅጽበት አንሥቶ ገጹ መምጣት እስከሚጀምርበት ቅጽበት ድረስ ያለችው ጊዜ፣ በሩቅ ስፍራ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ ብዙ ሥራ የሚሠራባት ናት። ይህ ሥራ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት እንዴት እንደተለወጠ፣ ለምን እንደተለወጠ፣ ከለውጡስ ምን እንደምንማር ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታ። አብነት፣ በተለምዶ ቴምፕሌት የምንለው፣ የማይለወጠው ጽሑፍ ተጽፎ፣ የሚለወጠው ግን ስፍራው ብቻ የተተወለት ገጽ ነው። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በብራና የተጻፉ የጸሎት መጻሕፍትንና ክታቦችን ያየ ሰው የባለቤቱ ስም የሚገባበት ስፍራ እንዳላቸው ያውቃል። ጸሐፊው ጸሎቱን ይጽፋል፤ የክርስትና ስሙ በኋላ ይገባል፤ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ይጻፋል። ስሙ ባልታወቀበት ስፍራ የሚቆመው «እገሌ» የሚለው ቃል፣ ዛሬ ፕሮግራመሮች በአብነት ውስጥ ከሚያስገቡት ተለዋዋጭ ጋር አገልግሎቱ አንድ ነው። ልዩነቱ የኮምፒዩተሩ ጸሐፊ በሰከንድ ውስጥ ለብዙ ሺህ «እገሌዎች» እንዲጽፍ መጠየቁ ነው። የፍጥነት ጥያቄ የሚነሣውም ከዚሁ ነው።

ጥያቄው ለእኔ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ የትምህርት ተቋም የፈተና ውጤት የሚታይበትን ገጽ ከሠሩት መካከል አንዱ ነበርሁ። ውጤት በወጣበት ዕለት ገጹ ቀኑን ሙሉ ሲንገታገት ዋለ። ከክፍለ ሀገር የደወለች አንዲት ተማሪ፣ ገጹ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ ሲቆይባት ስሟ ከዝርዝሩ የወጣ መስሏት እያለቀሰች ነበር። እኛ ደግሞ በስብሰባ ላይ ነበርን፤ ግማሾቻችን ትልቅ ሰርቨር ይገዛ እንላለን፤ ግማሾቻችን የአብነት ሥርዓቱ ደካማ ስለሆነ በሌላ ይተካ እንላለን። ሁለቱም ወገን ተሳስቷል። ስሕተቱ ምን እንደነበር ከታሪኩ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ታሪኩን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ልጅቱ ባላለቀሰች ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

የመጀመሪያው ዘመን፦ ሁሉም እንደ አዲስ

ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማእከል የድርን ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ገጽ ማለት በዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ነበር። ሰርቨሩ ፋይሉን አንሥቶ ይልካል፤ ሌላ ሥራ የለበትም። ይህን በመሰለ ገጽ ላይ የአብነት ፍጥነት የሚባል ጉዳይ ሊነሣ አይችልም፤ ሥራው ጠያቂው ከመምጣቱ በፊት በሰው እጅ አልቋልና።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባለው በኤንሲኤስኤ የሚሠሩ ሰዎች ሰርቨራቸው ሌላ ፕሮግራም አስነሥቶ የፕሮግራሙን ውጤት እንደ ገጽ የሚልክበትን መንገድ አበጁ። ይህ መንገድ ሲጂአይ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ስለነበር በፍጥነት ተስፋፋ፤ በየትኛውም ቋንቋ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ብዙዎች የመረጡት ግን የላሪ ዎልን የፐርል ቋንቋ ነበር።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። አንድ ጥያቄ በመጣ ቁጥር የሥርዓተ ክወናው አዲስ ፕሮሰስ ይፈጥራል፤ የፐርል አስተርጓሚ ወደ ሜሞሪ ይጫናል፤ ፕሮግራሙ ከፊደሉ ጀምሮ ይነበባል፣ ይተነተናል፣ ይሠራል፤ ገጹ ከተላከ በኋላ ሁሉም ይጣላል። ቀጣዩ ጠያቂ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ቢመጣ ያው ሥራ ከመጀመሪያው ይደገማል። ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ክታብ ፊደል ከ«ሀ» ጀምሮ እንደ አዲስ ተምሮ፣ ጽፎ፣ ከዚያ የተማረውን ሁሉ እንደሚረሳ አስቡት። ገጹን ለመጻፍ ከሚወስደው ጊዜ ይልቅ ለመጻፍ ለመዘጋጀት የሚወስደው ይበልጥ ነበር።

መፍትሔው በሁለት መንገድ መጣ። አንደኛው ፋስትሲጂአይ ነው፤ ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ተነሥቶ እንዲቆይና ብዙ ጥያቄዎችን በተራ እንዲያስተናግድ ያደርጋል። ሁለተኛው አስተርጓሚውን በሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው በአፓቼ ሰርቨር ውስጥ ፐርልን ያስገባው ሞድ-ፐርል የዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። ሁለቱም ያሻሻሉት ስለ ገጹ ይዘት አንዳች ሳያውቁ፣ መደገም የሌለበትን ዝግጅት ከጥያቄው ውጭ በማውጣት ብቻ ነው። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ ደግመን ደጋግመን እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ዘመን፦ ኮዱ ወደ ገጹ ገባ

በሲጂአይ ዘመን ገጹ በፕሮግራሙ ውስጥ ይኖር ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር በማተሚያ ትእዛዝ ታጅቦ ይወጣል። ግሪንላንድ የተወለደው ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 በድር ላይ ያስቀመጠውን የሥራ ታሪኩን ማን እንደሚጎበኘው ለመከታተል በሲ ቋንቋ ጥቂት መሣሪያዎችን ሠራ፤ በሰኔ 1995ም ለሕዝብ ለቀቃቸው። ከእነዚህ መሣሪያዎች ያደገው ፒኤችፒ ነገሩን ገለበጠው፤ ፕሮግራሙ በገጹ ውስጥ መኖር ጀመረ። ገጹ እንደ ወትሮው ይጻፋል፤ የሚለወጠው ነገር ባለበት ስፍራ ብቻ ትንሽ ኮድ ይገባል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ያወጣው ኤኤስፒ፣ ሰን በ1999 ያወጣው ጄኤስፒም በዚሁ ሐሳብ የቆሙ ናቸው።

ከፍጥነት አንጻር የሦስቱ መንገድ ግን የተለያየ ነበር፤ ለተማሪዎቼ ዘወትር የማሳየውም ይህንን ልዩነት ነው። የጄኤስፒ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ወደ ጃቫ ፕሮግራም ይለወጣል፤ ፕሮግራሙ ይጠናቀራል፤ ከዚያ በኋላ በሜሞሪ ውስጥ ተቀምጦ ለሚመጣው ሁሉ ያገለግላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጎብኚ የሌሎቹን ሁሉ ዕዳ ይከፍላል፤ የቀሩት ግን በነፃ ያልፋሉ። የማይክሮሶፍት የፊተኛው ኤኤስፒ አስተርጓሚ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኤኤስፒ ዶት ኔት ግን ወደ ማጠናቀር ተሻገረ። ገጹ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቀድሞ የሚጠናቀርበት መንገድም ሲበጅ፣ የመጀመሪያው ጎብኚም ዕዳው ተነሣለት።

የፒኤችፒ ጉዞ ረዘም ያለ ነው። በእስራኤል የቴክኒዮን ተማሪዎች የነበሩት አንዲ ጉትማንስና ዜቭ ሱራስኪ ቋንቋውን እንደ አዲስ ጽፈው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1998 ሦስተኛው ዕትም ወጣ። ይህ ዕትም ኮዱን እያነበበ ወዲያው የሚሠራ ነበር። በግንቦት 2000 የወጣው አራተኛው ዕትም በሁለቱ ስም ቁርጥራጭ ዜንድ ተብሎ የተሰየመውን ሞተር ይዞ መጣ፤ ከዚህ በኋላ ገጹ መጀመሪያ ወደ መካከለኛ ኮድ ይጠናቀራል፣ ቀጥሎ ይሠራል። ይሁን እንጂ የተጠናቀረው ኮድ ጥያቄው ሲያልቅ ይጣል ነበር። ይህን እንዳይጣል የሚያስቀምጡ ተጨማሪ መሣሪያዎች ለብዙ ዓመታት ለብቻቸው ሲጫኑ ኖሩ፤ ኦፒካሽ የተባለው መሣሪያ ከቋንቋው ጋር አብሮ መሠራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በ5.5 ዕትም ነው። አንድ የማይለወጥ ገጽ በየጥያቄው ደግሞ ደጋግሞ ማጠናቀር ከንቱ መሆኑ ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር፤ መፍትሔው ሁሉም ሰው ዘንድ ያለ ተጨማሪ ድካም እስኪደርስ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደ።

ሦስተኛው ዘመን፦ የንድፍ አውጪውና የፕሮግራመሩ መለያየት

ኮድ በገጹ ውስጥ መግባቱ ሌላ ችግር ወለደ። ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገረው፣ ሒሳቡን የሚሠራው፣ ሠንጠረዡን የሚያሰምረው ሁሉ በአንድ ፋይል ተደባለቀ። ንድፍ አውጪው አንድ ቀለም ሊቀይር ሲነካው ፕሮግራሙ ይሰበራል። ስለዚህ በገጹ ውስጥ የሚፈቀደውን ነገር ሆን ብለው የሚያጠብቡ የአብነት ቋንቋዎች ተነሡ፤ ስም መጥራት፣ ዝርዝር መደርደርና «ከሆነ» ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ በሌላ ስፍራ ይሠራ የሚሉ ናቸው። የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲው ቴረንስ ፓር እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንን ድንበር በጥብቅ ስለማስከበር የጻፈው ጥናት በዘርፉ በሰፊው የሚታወቅ ነው።

ነገር ግን በቋንቋ ላይ ሌላ ቋንቋ መደረብ ዋጋ አለው። በፒኤችፒ ዓለም ስማርቲ የተባለው ሥርዓት ዋጋውን የቀነሰው አብነቱን አንድ ጊዜ ወደ ፒኤችፒ ፋይል ለውጦ በማስቀመጥ ነው። በፓይተን ዓለም ደግሞ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎችን ጎን ለጎን እናያለን።

ጃንጎ የተወለደው በካንሳስ ግዛት በምትገኝ ሎውረንስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአካባቢ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን በ2003 የጀመሩት ሥራ በሐምሌ 2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። በጋዜጣ ቤት ዜናው ሰዓት አይሰጥም፤ ስለዚህ ዋናው ጭንቀት ገጹን በፍጥነት መሥራት እንጂ ገጹ በፍጥነት እንዲሠራ ማድረግ አልነበረም። የጃንጎ አብነት ጽሑፉ ተነብቦ ወደ ቅርንጫፎች ዛፍ ይለወጣል፤ ገጹ ሲጻፍ ዛፉ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይታለፋል። መጀመሪያ ላይ ፋይሉ በየጊዜው ከዲስክ ይነበብ፣ ዛፉም በየጊዜው ይተከል ነበር። የተተከለውን ዛፍ በሜሞሪ የሚያስቀምጠው ጫኝ እ.ኤ.አ. በ2010 በ1.2 ዕትም መጣ፤ ነገር ግን ፕሮግራመሩ ራሱ ካላዘዘው አይሠራም ነበር። ሥርዓቱ በምርት ላይ ሲሆን ያለ ትእዛዝ እንዲሠራ የተደረገው በ2017 በ1.11 ዕትም ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ውስጥ አንዲት የቅንብር መስመር ባለማወቅ ስንት ገጽ ያለ ምክንያት ሲንቀረፈፍ እንደኖረ እናንተው ገምቱት።

በ2008 ጂንጃ ሁለትን ያወጣው አርሚን ሮናኸር ሌላ መንገድ መረጠ። አብነቱ ወደ ፓይተን ኮድ ይለወጣል፤ ኮዱም እንደ ማንኛውም የፓይተን ፕሮግራም ይጠናቀራል። ዛፍ ላይ መውጣትና መውረድ ቀረ። የሁለቱን ቋንቋዎች አብነት ጎን ለጎን የሚያይ ሰው በመልክ እጅግ ይመሳሰሉበታል፤ ልዩነቱ ሥራው የሚሠራበት ጊዜ ላይ ነው።

ከዚሁ ዘመን አንድ ተጨማሪ ምሳሌ ልጥቀስ፤ ብዙዎቻችሁ በሥራ ላይ ታገኙታላችሁና። በማይክሮሶፍት ኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ ውስጥ ፕሮግራመሩ የአብነቱን ስም ብቻ ይጠራል፤ ሥርዓቱ ፋይሉን ከብዙ አቃፊዎች መካከል ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ሬዘር የተባለው አዲስ አጻጻፍ ሲጨመር የቀድሞው አጻጻፍ አልተነሣም፤ ስለዚህ ሥርዓቱ የሬዘርን ፋይል ከማግኘቱ በፊት የቀድሞዎቹን የፋይል ዐይነቶች በየአቃፊው ይፈልጋል። በምርት ቅንብር ላይ የተገኘው ቦታ ስለሚታወስ ችግር የለም። በስሕተት ማረሚያ ቅንብር ላይ ግን ትዝታው ይዘጋል፤ ፍለጋው በየጊዜው ይደገማል። ያን ቅንብር ረስቶ ለሕዝብ የለቀቀ ሰው፣ በተለይም በአንድ ገጽ ውስጥ ትንንሽ አብነቶችን ደጋግሞ የሚጠራ ከሆነ፣ ሰርቨሩ የሌለ ፋይል ሲፈልግ ውሎ ያድራል።

አራተኛው ዘመን፦ ከመፍጠን አለመሥራት

እስከ አሁን ያየነው አንድን ሥራ እንዴት በፍጥነት እንደሚሠሩት ነው። ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ ሥራውን ጭራሽ አለመሥራት ነው።

ብራድ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ2003 ላይቭጆርናል ለተባለው ድረ ገጹ ሜምካሽድን ሠራ። አንድ ጊዜ የተዘጋጀ ነገር በብዙ ኮምፒዩተሮች ሜሞሪ ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ጠያቂ ሲመጣ ከመሸጎጫው ይነሣለታል። ከዚህ በኋላ አብነት ጸሐፊዎች ገጹን በቁራጭ በቁራጭ ማየት ጀመሩ፤ ራስጌው በቀን አንድ ጊዜ ይለወጣል፤ የዜናው ዝርዝር በደቂቃ አንድ ጊዜ፤ የተጠቃሚው ስም ግን በየጥያቄው። እያንዳንዱ ቁራጭ በየዕድሜው ይሸጎጣል። ይኸው ሐሳብ ከሰርቨሩ ውጭም ወጣ። አካማይና ኦራክልን ጨምሮ ጥቂት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት ኢኤስአይ የተባለ አጻጻፍ፣ ቁርጥራጮቹ ለጠያቂው በቀረበ ሰርቨር ላይ እንዲገጣጠሙ የሚያዝ ነው። በ2006 ቬርደንስ ጋንግ ለተባለው የኖርዌይ ጋዜጣ የተሠራው ቫርኒሽም ይህንን ተቀበለ።

መሸጎጫ ግን ዕዳ አለው። ያስቀመጡት ነገር መቼ እንደሚያረጅ ማወቅ ከማስቀመጡ ይልቅ ይከብዳል። የአንዱን ተጠቃሚ ስም የያዘ ቁራጭ በስሕተት ለሌላው ቢሰጥ፣ ገጹ ፈጥኗል ብሎ የሚያመሰግን አይኖርም። የክታቡን ስም ሳይፍቁ ለሌላ ሰው እንደ መስጠት ነው።

በዚሁ ዘመን ሥራውን በመቀነስ ሊገላገሉት ያልቻሉ ደግሞ ነበሩ። የፌስቡክ ገጽ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ስለሆነ ሙሉውን መሸጎጥ አይቻልም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ሂፕሆፕ የተባለ፣ የፒኤችፒን ኮድ ወደ ሲ++ የሚለውጥ መሣሪያ ይፋ አደረገ፤ የሰርቨሮቹ የፕሮሰሰር ፍጆታም በአማካይ ወደ ሃምሳ በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አስታወቀ። ለእንዲህ ያለ ድርጅት ይህ የሕንፃና የመብራት ወጪ ነው። ውድድሩ የፒኤችፒን ባለቤቶችም አነቃቃ፤ በታኅሣሥ 2015 የወጣው ሰባተኛው ዕትም በብዙ ሥራዎች ላይ ከቀድሞው እጥፍ ያህል የፈጠነ ሆነ። ስለዚህ የአንድ ግዙፍ ድርጅት ጭንቀት በመጨረሻ የአንድ ትንሽ ትምህርት ቤትን ገጽ አፈጠነ ማለት ይቻላል።

አምስተኛው ዘመን፦ የሚጠብቀው ሰው

ስቲቭ ሱደርስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፉ ዘርፉን ያስደነገጠ ነገር አሳየ፤ ተጠቃሚው ከሚጠብቀው ጊዜ ውስጥ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ገጹ ከሰርቨሩ ከወጣ በኋላ የሚያልፍ ነው። ይህ ለአብነት ሠሪዎች ትሕትናን የሚያስተምር ቁጥር ነው። ሆኖም አንድ የሚያገናኝ ነገር አለ፤ አሳሹ ሥራውን ለመጀመር የገጹን ራስ መቀበል አለበት። አብነቱ ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ በሰርቨሩ ላይ ከተያዘ አሳሹ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ራስጌው ቀድሞ ቢላክ ግን ሰርቨሩ ቀሪውን ሲጽፍ አሳሹ የንድፍ ፋይሎችን ያመጣል። ኤችቲቲፒ 1.1 ገጽን በየቁራጩ መላክ ከ1997 ጀምሮ ይፈቅዳል። ፌስቡክ በ2010 ቢግፓይፕ ብሎ ያስተዋወቀው ሥርዓት ይህንን ወደ ጫፉ ወሰደው፤ ገጹ በክፍል በክፍል እየተዘጋጀ፣ የተዘጋጀው ያልተዘጋጀውን ሳይጠብቅ ይላካል።

ሌሎች ደግሞ አብነቱን ከነጭራሹ ወደ ተጠቃሚው ኮምፒዩተር አዛወሩት። ትዊተር በ2010 ገጹን በጃቫስክሪፕት በአሳሹ ላይ እንዲዘጋጅ አደረገ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ2012 መልሶ ወደ ሰርቨሩ አመጣው፤ የመጀመሪያው የገጽ መጫኛ ጊዜም ወደ አንድ አምስተኛ መውረዱን አስታወቀ። ሥራውን ወደ ተጠቃሚው መግፋት ለሰርቨሩ ባለቤት ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዕዳው አልተከፈለም፤ ወደ ደካማው ስልክ ተላለፈ እንጂ።

ስለ ፊደላችን

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ መስፈርት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው ዕትም ነው። ዛሬ በሁሉም ዘንድ በሚሠራበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል ሦስት ይወስዳል። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው። ይህን መለወጥ አንችልም፤ ብዙም አይጎዳንም።

የሚጎዳን ሌላ ነው። ዘመናዊ የአብነት ሥርዓቶች ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ በውስጡ አደገኛ ኮድ እንዳይኖር በሚለወጠው ስፍራ የሚገባውን ሁሉ ያጣራሉ። ይህ መልካምና አስፈላጊ ነው፤ ለፍጥነት ብሎ የሚያነሣው ሰው በሩን ከፍቶ እንደ ማደር ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር፣ ካልታዘዘ በስተቀር፣ ከመሠረታዊው ላቲን ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ ወደ ቁጥር መለያ ይለውጣል። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ስምንት ባይት ይሆናል፤ «ሰላም» ከዘጠኝ ወደ ሃያ አራት ያድጋል። ገጹ በዐይን ሲታይ ምንም ስለማይለወጥ ማንም አያስተውለውም። ከመላክ በፊት የሚደረገው ጭመቃ ልዩነቱን በእጅጉ ያጠበዋል፤ ሆኖም መለወጡም መጭመቁም ሥራ ነው፤ ጭመቃው ካልበራ ደግሞ ጥቅል በሜጋባይት የሚገዛው አንባቢ ይከፍለዋል። መፍትሔው የግእዝ ፊደል የሚፈቀድ መሆኑን በቅንብሩ ውስጥ መግለጽ ብቻ ነው። ማጣሪያው ይኖራል፤ ፊደላችንን ግን እንደ ባዕድ አይቆጥርም። ውሳኔው ክፋት የለበትም፤ ጠንቃቃ ሰዎች ለደኅንነት ብለው የወሰኑት ነው። ግን ያለ ትእዛዝ የሚሠራውን የሚወስን ሰው ማንን እንዳሰበ ያሳያል። ለዚህ ነው ቅንብርን ማንበብ ለእኛ ትርፍ ሥራ ያልሆነው።

ወደ ውጤቱ ገጽ ልመለስ

ያን ዕለት ማታ አንድ የሥራ ባልደረባችን ከስብሰባው ወጥቶ ሥራው እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ መለካት ጀመረ። ሦስት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ ሥርዓቱን ለሕዝብ ስንለቅ የስሕተት ማረሚያውን ቅንብር አልዘጋንም ነበር። ሁለተኛ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዐይነት ረድፍ አንድ ትንሽ አብነት ይጠራ ነበር። ሦስተኛና ዋናው፣ ያ ትንሽ አብነት የመምህሩን ስም ለማምጣት በየረድፉ ለብቻው ዳታቤዙን ይጠይቅ ነበር። አብነቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ንጹሕና ያማረ መስሎኝ ነበር። ቅንብሩን ዘጋን፤ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ጥያቄ አስቀድመን አመጣን፤ ረድፎቹን በአንድ አብነት ውስጥ ደረደርናቸው። አሮጌው ሰርቨር በቂ ሆኖ ተገኘ።

ከሠላሳ ዓመቱ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ከዚያች ሌሊት ትምህርት የተለየ አይደለም። በእያንዳንዱ ዘመን ትልቁ መሻሻል የመጣው ጸሐፊውን በማፍጠን ሳይሆን፣ ሳያስፈልግ የሚደገመውን ለይቶ በማውጣት ነው። አስተርጓሚውን በየጊዜው መጫን፣ አብነቱን በየጊዜው መተንተን፣ ፋይሉን በየጊዜው መፈለግ፣ ያው ቁራጭ በየጊዜው መጻፍ፤ ሁሉም አንድ ዐይነት ስሕተት ናቸው። ስለዚህ ተማሪዎቼ አንድ የተንቀረፈፈ ገጽ ሲያመጡልኝ የትኛው የአብነት ሥርዓት ይፈጥናል ብዬ አልጀምርም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ይህ ሥራ ስንት ጊዜ ይደገማል? ከጥያቄው በፊት ሊሠራ ይችል ነበርን? ዋጋውን የሚከፍለውስ ማን ነው? ሦስቱም በግምት ሳይሆን በልኬት ይመለሳሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ የቴክኒክ ብቻ አይደለም። እኛ በሠራነው ስሕተት የተጠባበቀችው ተማሪ ስለ አብነትም ስለ መሸጎጫም አንዳች አታውቅም ነበር፤ ማወቅም አይጠበቅባትም። እኛ ለአንድ ረድፍ የተረፍንባትን ጊዜ እሷ በልብ ምት ከፈለችው። ነገ ገጽ የምትጽፉ ሁሉ በባዶው ስፍራ የሚገባው «እገሌ» በሌላኛው ጫፍ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው መሆኑን እንዳትረሱ አደራ እላለሁ።